ድምፅ የማያሾልክ ሄድፎን

ወንድሜ የሞተ ዕለት ቤታችን ውስጥ መጀመሪያ ዝም የተባለው ቴሌቪዥኑ ነው። አክስቴ ከጉኑኖ እንደደረሰች፣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው። ሬዲዮኑን በጥቁር ጨርቅ ሸፈነችው። ከአጥራችን ቀጥሎ ያለው ፀጉር ቤት ሳይቀር ከጠዋት እስከ ማታ በር ላይ የሚያስጮኸውን ስፒከር ወደ ውስጥ አስገባ። ማንም አላዘዘውም። ሶዶ ውስጥ ድንኳን ከተተከለ ሰፈሩ ራሱ ያውቃል። ድንኳኑ እስኪነሳ ዘፈን የለም፤ ሐዘንተኛው ቤት ደግሞ እስከ አርባው የለም።

ወንድሜ ሃላሌ በምትባል ከተማ አስተማሪ ነበር። ወደ ቤት ሲመጣ ሞተር ሳይክሉ መታጠፊያ ላይ ተገለበጠ። ስለዚያ ከዚህ በላይ መጻፍ አልፈልግም።

እኔ ቁጭ ማለት የማልችል ሰው ነኝ፤ ሐዘን ደግሞ መቀመጥ ነው። ፍራሽ ላይ ትቀመጫለሽ፣ ሰው ይመጣል፣ ያለቅሳል፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላል፣ ንፍሮ ይዘግናል፣ ይሄዳል፣ ሌላ ይመጣል። እኔ ሻይ በማመላለስ አመለጥኩ። እናቴ ማምለጫ አልነበራትም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጭንቅላቷን በጥቁር ሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራ መሃል ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ሴቶቹ ሲያለቅሱ ታያቸዋለች፤ የማታውቀው ሰው ለቅሶ ላይ ለወግ የመጣች ነው የምትመስለው። ምግብ ሲቀርብላት ትነካካና ትመልሰዋለች።

አንድ ጠዋት ፊቷን ሳስታጥባት እጄን ያዘችኝ።

«ድምፁ እየጠፋብኝ ነው» አለችኝ።

«የማን?»

«የማን ይሆናል? የልጄ ነዋ! ፊቱ ይመጣል፣ አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ ግን የለም። የጎረቤቱን፣ የቄሱን፣ የሁሉን ድምፅ አስታውሳለሁ። የሱን ማን ወሰደብኝ?»

ይህን ያለችው በወላይትኛ ነው። በአማርኛ ስጽፈው ቀዘቀዘብኝ፤ ያኔ ግን አቃጥሎኝ ነበር።

ስልኬ ላይ ድምፁ አለ። ባለፈው ጊፋታ፣ የወላይታ አዲስ ዓመት ሲከበር፣ ግቢያችን ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ሲጨፍር የቀዳሁት ነው። እሱ ያወጣል፣ እነሱ ይቀበላሉ፣ ከበሮ ይመታል። ጓዳ አስገባኋትና ስልኩን ድምፁን ቀንሼ ጆሮዋ ላይ ለጠፍኩት። ዘፈኑ እንደጀመረ እናቴ ቀጥ አለች።

«ሃሎ?» አለች። «ሃሎ፣ ታ ናኣው!»

ታ ናኣው ማለት ልጄ ሆይ ማለት ነው። ከሃላሌ ሲደውል ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የምትመልስለት። እሱ አልመለሰላትም፤ መዝፈኑን ቀጠለ። እናቴ ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ አየችው፣ እንደገና አስጠጋችው፣ እንደገና «ሃሎ» አለች። ነጠቅኳት። ሌላ ምን ላድርግ? እንደ ስልክ ከያዘችው መልስ ትጠብቃለች።

ጆሮ ውስጥ የሚሰካውን ትንሹን ኤርፎኔን ሞከርኩላት። አንድ ጆሮዋ በልጅነቷ መግል ይዞት ስለነበር ገና ስትነካው ያማታል፤ ሌላኛው ጆሮዋ ላይ ደግሞ እየወደቀ አስቸገረ። ያን ስንታገል አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ምንድን ነው እሱ? የጊፋታ ዘፈን? በሐዘን ቤት?»

«የራሱ ድምፅ ነው፣ አክስቴ።»

«የራሱም ቢሆን የደስታ ዘፈን ነው! ሰው ምን ይላል? ልጇን ቀብራ ትዘፍናለች ይበሉን? ከዚህ ቤት የዘፈን ድምፅ ይሰማና ጉድሽን ታያለሽ!»

አክስቴ ክፉ ሴት አይደለችም። ወንድሜን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። የምትፈራው ሰው እንዲንቀን ነው። እኔ ግን የያዝኩት አንድ ቃሏን ብቻ ነው፦ ይሰማና። ካልተሰማስ?

ከሰዓት በኋላ ሻይ ቅጠል አልቋል ብዬ ወጣሁ። መናኸሪያው አካባቢ የስልክ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ተደርድረዋል። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሼ አንዱ ውስጥ ገባሁ። ባለ ሱቁ በኔ ዕድሜ የሚሆን፣ ማስቲካ የሚያላምጥ ልጅ ነው።

«ጆሮ የሚሸፍን፣ ትልቁን ሄድፎን አሳየኝ።»

ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚያበራ አንድ አወጣ። «ይሄን ስሚው እህቴ፣ ቤዙ ጆሮ ያፈርሳል!»

«ጆሮ የሚያፈርስ አልፈለግኩም። ራስህ ላይ አድርገው።»

«እኔ?»

«አንተ አድርገህ ዘፈን ክፈት፤ እኔ አጠገብህ ቆሜ ድምፁ ይወጣ እንደሆነ ልስማ።»

«ገዢ ሲሞክር እንጂ ሻጭ ሲሞክር ዛሬ ገና ማየቴ ነው።»

«እንግዲህ እይ።»

አደረገው። ባንኮኒው ላይ ተንጠራርቼ ጆሮዬን ወደ ጉንጩ አስጠጋሁ። ዘፈኑ ከነግጥሙ ይሰማል። ሌላ አወጣ፤ የዚህኛው ጀርባ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ነው። እንዲህ ያለው ጥርት ያለ ድምፅ አለው ብሎ አደነቀልኝ። ጥርት ብሎ ወደኔም መጣ። ሦስተኛውን ስናዳምጥ ከጀርባዬ «በስመ አብ!» የሚል ሰማሁ።

የዕድራችን ዳኛ ሚስት ናቸው፤ ጠዋት ድንኳኑ ውስጥ ሲያለቅሱ የነበሩ። ጥቁር ለብሼ፣ ጉንጬን አንድ ወጠምሻ ጉንጭ ላይ ልለጥፍ ምንም አልቀረኝም፤ ዘፈኑም ያንባርቃል።

«ልጄ፣ የወንድምሽ አፈር ሳይደርቅ?»

«ለእናቴ ነው፣ እትዬ።»

«ለእናትሽ! ጭራሽ እናትሽን ልታስጨፍሪ!» ዘንቢላቸውን አንስተው በፍጥነት ሄዱ። ወዴት እንደሚሄዱ አውቃለሁ።

ልጁ ሄድፎኑን አወለቀ። «ሐዘን ላይ ነሽ?»

ነገርኩት። ሁሉንም አይደለም፤ ወንድሜ መሞቱን፣ እናቴ ድምፁ እንደጠፋባት፣ ዘፈን እንደማይሰማ። ማስቲካውን ከአፉ አወጣ። ከዚያ ሄዶ ወደ መንገዱ የሚጮኸውን የሱቁን ስፒከር አጠፋ። ድንኳኑ የተተከለው እዚያ ሰፈር አይደለም፤ ያም ሆኖ አጠፋው።

«ብሉቱዝ ይሻልሻል፤ ገመድ የለው፣ ነጠላ ስር አይታይ» አለኝ።

«ቢቋረጥስ?»

«ስልኩ በራሱ ስፒከር ይቀጥላል።»

«ድንኳኑ ሁሉ እየሰማ?»

ሳቁን ዋጠ። «ልክ ነሽ። ገመድ ያለው ይሁን።»

ሁለት አቀረበልኝ፤ ሁለቱም ጀርባቸው ድፍን ነው፣ ሁለቱም እሱ ራስ ላይ ሆነው ምንም አላሾለኩም። አሁን የቀረው ድምፃቸው ነው። ስልኬን ሰካሁና የወንድሜን ዘፈን ከፈትኩ። በሱቁ ዘፈን እንዴት እመርጣለሁ? እናቴ የምትፈልገው አንድ ድምፅ ነው።

በመጀመሪያው ከበሮው ጭንቅላቴን መታኝ። ወንድሜ ከከበሮው ስር፣ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ይጣራል። አወለቅኩት። ሰው ሲገዛ ቤዝ ቤዝ የሚለው ለምን እንደሆነ አይገባኝም፤ ከበሮ የሚመታው ዘፋኙን ለማጀብ እንጂ ለመዋጥ ነው እንዴ?

ሁለተኛው ጥቁር፣ ምንም ጌጥ የሌለው፣ ስፖንጁ ወፍራምና ለስላሳ ነው። ከፈትኩ። መጀመሪያ የመጣው ዘፈኑ ሳይሆን ትንፋሹ ነው። ወንድሜ ከመዝፈኑ በፊት በአፍንጫው አየር ሳበ። ስንት ጊዜ ከስልኩ ሰምቼው ያ ትንፋሽ እዚያ እንዳለ አላወቅኩም። ከዚያ ጀመረ፤ ፊት ለፊት፣ በግንባሬና በድምፁ መካከል ምንም ሳይኖር። መሃል ላይ ከሩቅ፣ ከጓዳ በኩል፣ የሴት ድምፅ፦ «ና ብላ፣ ቀዘቀዘ እኮ!» እናቴ ናት። እሱም ዘፈኑን ሳያቋርጥ «መጣሁ፣ አዬ» ብሎ በዜማው ውስጥ አስገባት። አዬ በኛ ቋንቋ እናቴ ማለት ነው። ጓደኞቹ ሳቁና ተቀበሉት። ይህን ከስልኩ ስፒከር ሰምቼው አላውቅም፤ ጩኸቱ ይውጠው ነበር።

ለልጁ ጀርባዬን ሰጥቼ የቻርጀሮቹን መደርደሪያ አየሁ።

ከዚያ ራሴን ነቀነቅኩ፤ አይወልቅም። ሻሼን አጥብቄ አስሬ ከላዩ ሞከርኩ፤ በጨርቁ ውስጥ ድምፁ ይታፈናል። ስለዚህ የእናቴ ሻሽ ከጆሮዋ በላይ ከፍ ብሎ መታሰር አለበት፤ የሄድፎኑ ቅስት ቀጭን ስለሆነ ነጠላ ከላይ ይሸፍነዋል። ክብደቱም የተጎዳ ጆሮ አያሳምምም።

«ይሄን ለምን ከታች ደበቅከው?» አልኩት።

«ማን ይገዛኛል? መብራት የለው፣ ቤዝ የለው። ሰው የሚያየው ውጪውን ነው።»

ከፍዬ ወጣሁ። ሻይ ቅጠሉን ረሳሁት።

አክስቴ የግቢው በር ላይ ጠበቀችኝ። ወሬው በባጃጅ ሳይመጣ አልቀረም።

«እውነት ነው? ገበያ መሃል ከጎረምሳ ጋር ጆሮ ለጆሮ ገጥመሽ ስትዘፍኚ?»

«አልዘፈንኩም። ሄድፎን ስመርጥ ነበር።»

«አንቺ ልጅ እኮ አፍረት የሚባል አልፈጠረብሽም!»

«አክስቴ፣ አይሰማ ነው ያልሽው አይደል?» ሄድፎኑን ራሴ ላይ አድርጌ ዘፈኑን ከፈትኩና ወደሷ ጠጋ አልኩ። «ስሚ እስቲ።»

አክስቴ ግራ ቀኝ አየች። ከዚያ ጆሮዋን አስጠጋች። እንባዋ ያበሰበሰው ሻሿ አገጬን ነካኝ። ቆየች። አፏ ሲንቀሳቀስ አይቼ አወለቅኩት።

«ምንም የለውም» አለች።

«እሱን ነው የምልሽ።»

«እሷ ትሰማዋለች?»

«ትሰማዋለች።»

ጀርባዋን ሰጠችኝና ወደ ድንኳኑ ሄደች። መከልከሏም መፍቀዷም አልነበረም። አላየሁም ማለቷ ነው።

ጓዳ ልወስዳት ብል እናቴ ከፍራሹ አልነሳም አለች። ስለዚህ እዚያው፣ ሴቶቹ መሃል አደረግኩት። ሻሿን ከፍ አድርጌ አሰርኩ፣ ስፖንጁን ቀስ ብዬ አስቀመጥኩ፣ ነጠላውን አለበስኩ፣ ገመዱን በቀሚሷ ጎን አወረድኩ። ዓይኗ ፈጠጠ። ስፖንጁ ሲዘጋባት ለቅሶው ሁሉ ድንገት ራቀባት መሰለኝ። ሴቶቹ ብርድ ይዟት ነው የተሸፋፈነችው ብለው ይሆናል። ከፈትኩላት።

«ሃሎ» አላለችም። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ትንፋሹ እንደደረሳት አወቅኩ፣ ምክንያቱም እሷም አብራ አየር ሳበች። ከዚያ ምንም። ፊቷ እንደ በፊቱ ነው። አልሆነም ብዬ ተስፋ ልቆርጥ ስል እናቴ በሙሉ ድምፅ፣ ጎረቤት በሚጠራ ድምፅ፣

«ና ብላ፣ ቀዘቀዘ እኮ!» አለች።

ለቅሶው ቆመ። ወንዶቹም ከድንኳኑ ሌላ ጥግ ቀና አሉ።

«ና ብላ፣ ታ ናኣው!» አለች እንደገና፤ ከዚያም ዘፈነች። ጓደኞቹ የሚቀበሉትን እሷ ያዘችው። እሱ ሲያወጣ ዝም፣ የሱ ሲያልቅ እሷ፤ ለኛ የሚሰማን ግን የሷ ብቻ ነበር፤ መልሱ ብቻ፣ በመካከሉ ዝምታ። እኛ ስንጠነቀቅ የነበረው ከሄድፎኑ ዘፈን እንዳይወጣ ነው። ጆሮው የተደፈነ ሰው የራሱን ድምፅ እንደማይሰማ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ እኔም ጭምር። ከሱቁ ሁሉ ድፍኑን መርጬ አመጣሁላት።

አክስቴ ከተቀመጠችበት ተነሳች። ልትነጥቃት መጣች ብዬ ገመዱን በእጄ ጨበጥኩ። የዕድሩ ዳኛ ሚስት አፋቸውን በነጠላ ይዘዋል። አክስቴ እናቴ ፊት ተንበረከከች፣ ፊቷን አየች። እናቴ ዓይኗን ጨፍና፣ እንባዋ በስፖንጮቹ ዳር እየወረደ፣ ትዘፍናለች። የመጀመሪያዋ እንባ ነው። እናቴ ዝም ባለችበት ቦታ፣ ወንድሜ በሚያወጣበት ቦታ፣ አክስቴ በለቅሶ ዜማ የሱን ስም አወጣች። እናቴ ቀጠለች። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ገቡበት። ማንም የጊፋታ ዘፈን ነው አላለም። እኔም ራሴ ባልቀዳው ኖሮ አላውቀውም ነበር፤ ለቅሶ ነበር።

ሲያልቅ እናቴ ራሷ ሄድፎኑን አወለቀችና አንገቷ ላይ ጣለችው። ሴቶቹን አየች።

«ምን ሆናችሁ?» አለች።

«ምን እንሆናለን! አንቺ አስለቀስሽን እንጂ» አለች አክስቴ።

«እኔ? እኔ አንድ ቃል አልተነፈስኩም።»

ማንም አላረማትም። እናቴ ፊቷን በመዳፏ ጠርጋ ወደኔ ዞረች።

«አለ» አለችኝ። «ድምፁ አለ። እንዲያውም ልበላ መጣሁ አለኝ።»

አክስቴ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ለድንኳኑ ሁሉ በሚሰማ፣ በዚያ በሚያዝ ድምፅዋ፣

«ምን ትገተሪያለሽ?» አለችኝ። «መልሰሽ ክፈቺላት!»