ማግኔት የማይይዘው በር

ጎባ ውስጥ ጋሽ ጃርሶን የማያውቅ ባለመኪና አልነበረም። ባትላሜራ ናቸው። የተጣመመ በር፣ የተጨራመተ ፓራፋንጎ፣ ዝገት የበላው ወለል ሁሉ እሳቸው ጋ ይሄዳል። ከበርሜል ላሜራ ቆርጠው፣ ቀጥቅጠው፣ በይደው፣ ስቱኮ ለቅልቀው ሲመልሱት መኪናው የቱ ጋ እንደተጋጨ ባለቤቱ ራሱ ይጠፋዋል። በስተርጅና ያደከማቸው ይኸው ሙያቸው ነው።

እኔ ጎረቤታቸው ነኝ። ስለ መኪና የማውቀው መሳፈርን ብቻ ስለሆነ፣ ያየሁትንና የነገሩኝን እጽፋለሁ፤ የተሳሳትኩበት ካለ ስህተቱ የእሳቸው ሳይሆን የኔ ነው።

በግቢያቸው ከአጥሩ ሥር አንዲት ትንሽ መኪና ቆማ ነበር። በንጉሡ ዘመን ባሌ ውስጥ ስለ ስንዴ የሚያጠና አንድ ፈረንጅ ያመጣት ናት፤ ጋሽ ጃርሶ ሾፌሩ ነበሩ። በ1967 ፈረንጁ አገሩ ሲገባ ቁልፉን ሰጣቸውና፣ «አትሽጣት፤ እንደሷ ያሉት በዓለም ላይ ሦስት ብቻ ናቸው» አላቸው። ማን እንደሠራትና ስሟ ምን እንደሆነ ግን ሳይነግራቸው ሄደ። እሳቸውም አልጠየቁም። ሾፌር ጌታውን ብዙ አይጠይቅም።

የባሌ መንገድ መኪናዋን ሰባበራት። የሷ ብረት ቀላል ነው፤ ሲቀደድ በጎባ ብየዳ አይያያዝም። ስለዚህ የተቀደደውን እየቆረጡ በበርሜል ላሜራ እየተኩ በሪቬት ምስማር ያያይዙት ጀመር። ሙያውን የተማሩት እሷ ላይ ነው። ሞተሩ ሲሞት የቮልስዋገን፣ መሪው ሲሰበር የፊያት ገባላት። ከዚያ ያም ሞተር ቆመ፤ እሷም ከአጥሩ ሥር ቀረች።

ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ዘይነዲን ግን ዕረፍት አልሰጣቸውም።

«ጋሼ፣ ሁለቱ እህቶቿ ደህና ናቸው? ደብዳቤ ይጽፋሉ?»

«አንተ ሳሙናህን ሽጥ።»

«ፊያት ናት እኮ! መሪዋ ላይ ተጽፏል፣ ወላሂ።»

ሠላሳ ዓመት እንዲህ ተባለ። መጀመሪያ ይቆጡ ነበር፤ በኋላ ዝም አሉ። ዝምታቸውን ሰው ውሸታቸውን እንደ ማመን ቆጠረው። «እንደ ጃርሶ መኪና» ማለት በሰፈራችን የማይታመን ወሬ ማለት ሆነ።

በ1999 ኅዳር ላይ ከቀበሌ ደብዳቤ መጣ። በቁቤ የተጻፈ ነው። ጋሽ ጃርሶ ኦሮምኛ አፋቸውን የፈቱበት ነው፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ግን አያነቡትም፤ እኔም ቀስ ብዬ ነው የማነበው። በገዛ ቋንቋችን የተጻፈውን ሁለታችን እየተንተባተብን ጨረስነው። መንገዱ ሊሰፋ ስለሆነ አጥሩ አራት ሜትር ይገባል፤ በሁለት ወር ውስጥ ከሥሩ ያለው ሁሉ ይነሣ ይላል። ግቢው ጠባብ ነው፤ መኪናዋ የምትሄድበት የለም። ወይ መጠለያ ታገኛለች፣ ወይ ለቆራሌ ተቆራርጣ ትሸጣለች።

ጋሽ ጃርሶ ሮቤ ሄደው ያረጁ ዕቃዎችን ወደሚሰበስብ አንድ ጽሕፈት ቤት ገቡ። ሴና የምትባል ወጣት ሠራተኛ አዳመጠቻቸው።

«ኦቦ ጃርሶ፣ ምን እንደሆነች ከታወቀ እንወስዳታለን። ካልታወቀች ግን ምን ብዬ ልመዝግባት?»

ሌላ ሰው ቢሆን አንድ ስም ይፈጥር ነበር። እሳቸው «አላውቅም» ብለው ወጡ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሴና አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ይዛ ግቢያቸው መጣች። ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ ሊያይ መጥቶ ጉም የመለሰው ነው፤ ያረጁ መኪናዎች እወዳለሁ ሲላት ይዛው መጣች። ሰውዬው መኪናዋን ሦስቴ ዞራት፤ ራሱን ነቀነቀ።

«ከብዙ መኪና የተገጣጠመች ናት፤ አላውቃትም ይላል» አለች ሴና።

ዘይነዲን ከደጅ ሳቀ። ጋሽ ጃርሶ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ወገባቸው ያማቸዋል፤ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው።

ሽማግሌው ሊሄድ ሲል ጣሪያዋን በጣቱ አንኳኳ፤ ቆመ። እንደገና አንኳኳና ማግኔት ጠየቀ። የጋሽ ጃርሶ ባለቤት ሃጂራ ከተበላሸ ቴፕ ድምፅ ማጉያ ላይ ፈልቅቀው ሰጡት። ማግኔቱ ኮፈኑ ላይ ጥብቅ አለ።

«ይሄስ?» አለች ሴና።

«የኔ ነው። ስልሳ ዘጠኝ ላይ ሲናና መንገድ ላይ በሬ ገጭቼ ነው።»

የኋላው ፓራፋንጎ ላይም ያዘ።

«እሱም የኔ ነው። በዝናብ ተንሸራትቼ።»

የግራው በር ላይም ያዘ። «ሃጂራ ምጥ ይዟት ወደ ሆስፒታል ስከንፍ ከድልድዩ ግንብ ጋር ተላተምኩ። ሴት ልጅ ተወለደች፣ በሩ ተቀደደ። የሠራሁት በአራስ ቤቷ ነው።»

«ሲቀጠቅጥ ልጅቷን እንቅልፍ ነሥቷት!» አሉ ሃጂራ።

እንዲህ እያለ ዕድሜያቸው በሙሉ በማግኔት ተቆጠረ። የዛገው ሁሉ የእሳቸው ነበር። ማግኔቱ ጣሪያው ላይ ሲደርስ ግን ወደቀ። የቀኝ በር ላይም ወደቀ። ሽማግሌው የበሩን ጎማ ላጥ አድርጎ ጠርዙን በመሐረብ ጠረገ፤ ከሥሩ «3» የሚል ቁጥር ተመትቶበታል። ፈጥኖ ይናገር ጀመር።

ሴና እያቋረጠች ተረጎመች። ከትልቁ ጦርነት በኋላ አውሮፕላን መሥራት የተከለከለ አንድ ፋብሪካ ነበር። በተረፈው አሉሚኒየም ለሙከራ ሦስት መኪና ሠራ፤ ገዢ ሳያገኝ ተዘጋ። ስም እንኳ አልወጣላቸውም። ሁለቱ የደረሱበት ይታወቃል፤ ሦስተኛዋን ያየ ሰው አልነበረም።

«የድሮው ኮፈን የት አለ? ይላል።»

ሃጂራ ማድቤት ገብተው አንድ ድስት ይዘው ወጡ። ጋሽ ጃርሶ የተቀደደውን አሉሚኒየም ለድስት ሠሪ ሰጥተው ያስቀለጡላቸው ነው። ማግኔቱ አልያዘውም። ሽማግሌው ድስቱን በሁለት እጁ ተቀብሎ አገላብጦ አየው።

«ድስቴን ግን ማንም አይወስድም፤ በይው» አሉ ሃጂራ። ዘይነዲን እንኳ ከዚህ በኋላ አልሳቀም። ግቢ ገብቶ ጋሽ ጃርሶ ትከሻ ላይ እጁን አሳረፈ። «አውፍ በሉኝ ጋሼ። ከሦስት አንዷን ሠላሳ ዓመት ስሰድብ ኖርኩ።»

«ተወው» አሉ። ደስ ያላቸው አይመስሉም ነበር። ደክሟቸው ይሁን አላውቅም።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ከሽማግሌው ደብዳቤና የአንድ አሮጌ ፎቶ ቅጂ መጣ። ፎቶው ላይ መኪናዋ አዲስ ናት፤ አፍንጫዋ ክብ፣ መሃል ላይ አንድ ተጨማሪ መብራት። ጋሽ ጃርሶ ፎቶውን ከዓይናቸው አራቁት፣ አቀረቡት።

«መልኳን ረስቼው ነበር» አሉ። «መብራቷን የደፈንኩት እኔው ነኝ።»

ደብዳቤው እውነቱን መሰከረላቸው። ቀጥሎ ግን እንዲህ ይላል፦ የፋብሪካው ሥራ ጣሪያውና የቀኝ በሩ ብቻ ናቸው፤ መጠበቅ ያለባቸው እነሱ ናቸው። የሴና አለቃም ቦታ ስለሌለ ጽሕፈት ቤቱ እነሱን ብቻ እንዲወስድ ወሰኑ። ሴና ይህን ስትናገር መሬት መሬት ታይ ነበር።

«ሌላውስ?» አሉ ሃጂራ።

«ሌላው… የኦቦ ጃርሶ ነው።»

ጋሽ ጃርሶ ሌላ ሰው እንዲነካት አልፈቀዱም። ጣሪያውን ለመንቀል ራሳቸው የመቱትን ሪቬት በመሮ መቁረጥ ነበረባቸው። ሦስት ቀን ፈጀ። በየመሃሉ ይቀመጣሉ፤ ሃጂራ ውሃ ያመጡላቸዋል፤ ይነሣሉ። «ምን ያህል አጥብቄ ነው የሠራሁት» አሉኝ አንዴ፤ ማማረር ይሁን ኩራት አልለየሁም።

ጣሪያውና በሩ በመኪና ሮቤ ሄዱ። ዕቃው ላይ ስለሚለጠፈው ጽሑፍ ሴና አማክራቸው ነበር፤ የፋብሪካው አገር፣ ቁጥር ሦስት፣ ስም ያልወጣላት ይላል። «ልክ ነው» አሉ። የራሳቸው ስም ይግባ አላሉም።

በማግስቱ ቆራሌው በፈረስ ጋሪ መጣ። ኮፈኑን፣ ወለሉን፣ ፓራፋንጎውን ጫነ። የግራውን በር ሲያነሣ ሃጂራ ከማድቤት ወጡ።

«እሱን አስቀምጥ።»

«እማማ፣ ዝገት እኮ ነው።»

«የልጄ ዕድሜ ነው፤ አስቀምጥ አልኩህ።»

አጥሩ አራት ሜትር ገብቶ እንደገና ሲታጠር ያ በር የጓሮው መዝጊያ ሆነ። ማጠፊያውን ጋሽ ጃርሶ ራሳቸው በየዱት፤ ከዚያ ወዲህ ብየዳ ሲነኩ አላየሁም። በሩ መሬት ላይ ትንሽ ይጎተታል፤ ለመዝጋት ከፍ ማድረግ ይፈልጋል። ዘይነዲን ከጓሯቸው ጎመን ሊወስድ ሲገባ ያነሣውና ቀስ አድርጎ ይዘጋዋል።