የልብስ ሰፊው ምስክርነት

ሶዶ ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊውን ጩማን የማያውቅ የለም። ሱሪ የሚያሳጥርም የመዘምራን ልብስ የሚያሰፋም እሱ ጋ ነው የሚሄደው። እኔ ከሱቁ ጎን ክርና ቁልፍ እሸጣለሁ፤ የስፌት መኪናውን ፔዳል ሲረግጥ እየሰማሁ ነው የኖርኩት። ስኳር እንዳለበትም ከሚስቱ ከመብራት ቀጥሎ ያወቅኩት እኔ ነኝ።

ስኳሩን የሚፈራውን ያህል ዘመን መለወጫችንን ጊፋታን ይወዳል። በዓሉ ሲደርስ በየዘመዱ ቤት ጥሬ ሥጋ ይቆረጣል፣ ቅቤ የጠገበ የቆጮ ሙቹዋ ይቀርባል። "ሐኪም ከልክሎኛል" ቢል አክስቶቹ ይቀየማሉ። ከአከፋፋዮች እየተረከበች የባህል መድኃኒት የምትሸጠው ጽጌሬዳ ዱቄቷን ይዛ የመጣችው ይሄኔ ነው። እሷና ጩማ አንድ ጸሎት ቤት ነው የሚያመልኩት።

"ጋሼ፣ ቅጠላ ቅጠል ብቻ ነው። የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ ስኳር ያመጣጥናል። ሽፈራው አለበት፣ ሌላም ሌላም አለበት" አለችው።

ሌላው ምን እንደሆነ እሷም አታውቅም። ግን ራሷም ትጠጣዋለች። እኔን የሚያበግነኝ ይኼ ነው፤ ሌባ ብትሆን እጇን ይዤ እጮህ ነበር።

ጩማ ዱቄቱን ጀመረ። ከጊፋታ በኋላ ጸሎት ቤታቸው ጾም ጸሎት አወጀና እንደ ሌላው ሁሉ እህል ሳይቀምስ ሰነበተ፤ ክኒኑን ግን አላቋረጠም። ጾሙ አልቆ ሲለካ ስኳሩ ወርዷል። ባዶ ሆድና ክኒን ያወረዱትን ስኳር፣ ዱቄቱ ነው ያወረደው አለ። እሑድ መድረክ ላይ ወጥቶ "ስኳሬ ጠፋ! ጌታ በዚህ ቅጠል ፈወሰኝ!" ብሎ መሰከረ። ጉባኤው በእልልታ ቀለጠ። ጽጌሬዳ በስልኳ ቀዳችው።

ነገር የተበላሸው ከዚያ ወዲያ ነው። እንዲህ ብሎ የመሰከረ ሰው እንዴት ከስኳር ሕመምተኞች ጋር ወረፋ ይያዝ? ክኒኑንም ክትትሉንም ትቶ ዱቄቱን ብቻ ያዘ። መብራት ብትለምነው "ጌታን ላሳፍረው ነው?" አላት። እየከሳ ሲሄድ ሰዉ "አማረብህ፣ ወጣት ሆንክ" ይለዋል። እኔ ግን ሥራ እያቋረጠ ውሃ ሲጨልጥና ሽንት ቤት ሲመላለስ አያለሁ። "ተለካ እንጂ!" ስለው "አንቺ እምነት የለሽም" አለኝ። ተናድጄ ዘጋሁት።

እግሩ ላይ ቁስል ሲወጣ ፔዳሉ የላጠው መሰለው። በጨርቅ ጠቅልሎ መርገጡን ቀጠለ፤ እግሩ ደንዝዞ ስለነበር አያመውም። ሆስፒታል ሲገባ እግሩ ጠቁሯል። ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።

አሁን ቤት ነው የሚውለው። በገበያ ቀን ዱቄቱን የምታስተዋውቅ፣ ድምፅ ማጉያ የጫነች ባጃጅ በደጁ ታልፋለች፤ የገዛ ድምፁ "ስኳሬ ጠፋ!" እያለ። ጽጌሬዳን አስቁሚው ብዬ ለመንኳት። "ቅጂውን ለአከፋፋዮቹ ሰጥቻለሁ፣ በእጄ አይደለም" ብላ አለቀሰች። እንባዋ ምን ያደርግልኛል!

በቀደም ልጠይቀው ሄጄ ሳለ አንድ አዛውንት ከገሱባ ድረስ አፈላልገውት መጡ። የዱቄቱን ዕቃ በፌስታል ይዘዋል።

"ድምፅዎን ሰምቼ ነው የገዛሁት። ክኒኔን ልተው ነው፤ በፊት ግን ከአፍዎ ልስማ ብዬ ነው" አሉት።

ጩማ ጋቢውን ገልጦ እግሩን አሳያቸው። ምስክርነቱን በሰው ፊት ሲያፈርስ የመጀመሪያው ነው።

"እባክዎ ክኒንዎን አይተዉ" አላቸው።

ሰውዬው የተቆረጠውን እግር እያዩ ቆዩ። እንባቸው መጣ። ፌስታሉን ደረታቸው ላይ ጥብቅ አድርገው ያዙና፣

"አይ ወንድሜ! ምነው ዱቄቱን ባያቋርጡት ኖሮ!" አሉት።