ከሌን ማን ያውልቅልኝ

መጀመሪያ የታመመው እጄ ነው። ጅጋ ገበያ ዳር ባለችው ሱቄ ተቀምጬ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋ ነበር። ከንፈሬ ደነዘዘ። ጣቶቼ እንደ ዶሮ እግር ታጠፉ። ልዘረጋቸው ብል እምቢ አሉ። ልቤ ደለቀ። አየር አጠረኝ። ሞትሁ አልሁ። ትልቋ ልጄ እየጮኸች ፊቴ ላይ ውኃ ስትረጭብኝ ትዝ ይለኛል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስጽፍ ዛሬም ያናድደኛል። አንዱ ክሊኒክ ታይፎይድ ነው ብሎ መድኃኒት ሰጠኝ። ሌላው ጨጓራ ነው አለ። እኛ ዘንድ የታመመ ሁሉ መጀመሪያ ታይፎይድ፣ ቀጥሎ ጨጓራ ነው፤ ሦስተኛ በሽታ የተፈጠረ አይመስልም። ጎረቤቴ ደግሞ "ዓይን በልቶሽ ነው" አለችኝ። ጸበልም ገባሁ። ጸበሉ አሳርፎኛል፣ በእሱ አላማርርም። የማማርረው በሰዉ ነው። "ቻይው እንጂ፣ የማያልፍ የለም" ይሉኛል። ምኑን ነው የምችለው? ምን እንደያዘኝ የጠየቀኝ እኮ አልነበረም።

የያዘኝ ይህ ነው። ከመታመሜ በፊት ባለቤቴ ሞቶብኛል። ድንኳን ውስጥ ስቀመጥ በስተቀኜ ያለውን ቦታ ክፍት አድርጌ ያዝሁ። ሽንዲ ላገባችው ለታላቅ እህቴ ለባንቻምላክ ነው። ሰው ሊቀመጥ ሲል "የእታለም ቦታ ነው" እያልሁ አስነሣ ነበር። ቀብሩ አለፈ። ሣልስቱ አለፈ። አርባውም ወጣ። አልመጣችም። መንገድ ተዘግቶባት ይሆናል አልሁ። ታማ ይሆናል አልሁ። ኋላ ከዚያው ከሽንዲ የመጣ ዘመድ እውነቱን ነገረኝ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ፣ እህቴና ጎረቤቷ በመሬት ወሰን ሲጣሉ ሽማግሌ ሆኖ ተቀምጦ ለጎረቤቷ ፈርዶ ነበር። ያንን ቂም ይዛ፣ "ላልቆመልኝ ሰው አልቆምም" ብላ ነው የቀረችው።

በአገራችን ሐዘንተኛ ከሉን ራሱ አያወልቅም። ዘመድ ልብስ ይዞ ይመጣል፣ "በቃ፣ ይብቃ" ይላል፣ ጥቁሩን አውልቆ ነጩን ያለብሳል። የባለቤቴ ወገኖች ቀሚስ ይዘው ሲመጡ መለስኋቸው። "ይህን ከል የምታወልቀው ባንቻምላክ ናት፤ እሷ ካልመጣች ከእኔ ጋር መቃብር ይወርዳል" ብዬ በሰው ፊት ማልሁ። ለሌላው የሠርግ ልብስ እየሰፋሁ እኔ በጥቁር ተቀመጥሁ።

እሷን ባሰብሁ ቁጥር ጥርሴን እነክሳለሁ። ትንፋሼ ይፈጥናል። ጣቶቼ ይታጠፋሉ። የስፌት መኪናዬ ላይ መቀመጥ ፈራሁ። ደንበኞቼ ሳይሰፋ የከረመ ጨርቃቸውን መልሰው ወሰዱ። ሁለት ሴት ልጆቼን የማሳድገው በእነዚህ ጣቶች ነው። ሌላ የለኝም።

በመጨረሻ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ሄድሁ። ሐኪሙ ደም ግፊቴን ለካ፣ ኢሲጂ የሚሉትን የልብ ምርመራ አነሣኝ፣ ደሜን አስመረመረ። "ልብዎ ደህና ነው" አለኝ። "ይህ ድንገተኛ የጭንቀት ሕመም ነው፤ ፓኒክ አታክ ይባላል። ሲጨነቁ ሳያውቁት ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳሉ፤ ጣትዎ የሚታጠፈውም ለዚያ ነው።" ፍሉኦክሰቲን የሚባል የጭንቀት መድኃኒት አዘዘልኝና ወደ አእምሮ ሕክምና ነርሷ ወደ ሲስተር ሰብለ ላከኝ። እብድ ነኝ እንዴ ብዬ ተቆጣሁ። ግን ሄድሁ።

ሲስተር ሰብለ ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች። ታሪኬን ሰማች። እኔ እንደ ሌላው ሁሉ "መቼም ምክንያት ይኖራታል" ብላ ለእህቴ ጠበቃ ትቆማለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር።

"እሺ፣ አውቃ ነው የቀረችው። በድላዎታለች" አለችኝ። "ከዚያስ?"

"እንዴት ከዚያስ? መምጣት ነበረባታ!"

"ብትመጣ መልካም ነበር፤ እርስዎም አጥብቀው ፈልገዋል። 'የግድ መምጣት አለባት' የሚለውን ግን ማን ጨመረው?"

"እህት አይደለችም እንዴ? ከቀረችማ እኔ ሰው አይደለሁም ማለት ነው!"

"እርስዎን ሰው ያደረገችው እሷ ናት?"

ተነሥቼ ወጣሁ። በሩን በኃይል ዘጋሁት። ይህች ልጅ ለቅሶ የማታውቅ፣ ሰው ያልሞተባት ናት እያልሁ መንገዱን በሙሉ ስረግማት ሄድሁ። መናኸሪያ ስደርስ ጣቶቼ ታጠፉ። እህቴ እዚያ የለችም፤ ባንቻምላክ ሽንዲ ቤቷ ነች። ታዲያ ጣቶቼ እንዲታጠፉ ያደረገው ማን ነው? አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ ያንኑ ስጠይቅ ጅጋ ደረስሁ። በቀጠሮዬ ቀን ተመልሼ ሄድሁ።

ከዚያ ወዲህ ሕመሜ ቀስ እያለ ነው የለቀቀኝ። ሲስተር ሰብለ ንዴቴን ልታስጥለኝ አልሞከረችም፤ ይልቁንም የእህቴ መቅረት ማሳዘኑ አንድ ነገር፣ "መቅረት አትችልም፣ ከቀረች እኔ አልቆልኛል" እያልሁ በቀን በቀን የምደጋግመው ደግሞ ሌላ ነገር መሆኑን፣ ሐዘኑ ተገቢ ሲሆን የሚያሳምመኝ ያ ሁለተኛው መሆኑን ደጋግማ አሳየችኝ። ያ ሐሳብ ሲመጣብኝ አየሩን ቀስ ብዬ እያስወጣሁ፣ "ብትመጣ እወድ ነበር፣ አልመጣችም፣ ከፍቶኛል፣ ግን አለሁ" እንድል አስለመደችኝ፤ መጀመሪያ በአፌ ብቻ ነበር የምለው፣ እየዋለ እያደረ ግን ጆሮዬም ሰማው።

አንድ ቀን የቤት ሥራ ሰጠችኝ። በከሌ ላይ አረንጓዴ ሻሽ አስሬ ጅጋ ገበያ እንድዞር። "ሰው ምን ይለኛል?" ብላት፣ "የሚሉትን ሰምተው ይምጡና ይንገሩኝ" አለችኝ። ዞርሁ። በርበሬ ሻጯ "ምነው እመት ጥሩወርቅ፣ በከል ላይ አረንጓዴ?" አለችኝ። ሁለት ሴቶች ተንሾካሾኩ። ላብ አጠመቀኝ፣ ግን መሬት ተከፍታ አልዋጠችኝም፤ በርበሬዬን ገዝቼ ገባሁ።

የቀረኝ መሐላው ነበር። ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው። "ልጄ፣ በቁጣ የማልሽውን በንስሐ ትተይዋለሽ" ብለው ቀኖና ሰጡኝ። ቀኖናዬን ስጨርስ ነጭ ሸማ ገዝቼ መኪናዬ ላይ ተቀመጥሁና፣ አረንጓዴ ጥለት ያለው ቀሚስ ለራሴ ሰፋሁ። ስፌቱ አንድም ቦታ አልተጣመመም። በማግሥቱ ጠዋት ልጆቼ እያዩ ከሌን በገዛ እጄ አወለቅሁ፤ ትንሿ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስሁ።

በአንድ የገበያ ቀን ባንቻምላክ ጅጋ መጣች። ጨው ተራ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

"ማን አወለቀልሽ?"

"እኔ ነኝ ያወለቅሁት፣ እታለም። ስለቀረሽብኝ ተናድጃለሁ። ብትመጪ እወድ ነበር።"

የገዛችውን ጨው አንሥታ ሄደች። ይቅርታ አልጠየቀችኝም፣ እስከ ዛሬም አልጠየቀችኝም። እጄን አየሁት፤ ጣቶቼ ቀጥ ብለው ዘንቢሌን ይዘዋል። ሱቄ ተመልሼ ያደረውን ዩኒፎርም ጨረስሁ።

እንደ እኔ ለታመማችሁ ይህን እላለሁ። መጀመሪያ ልባችሁንና ደማችሁን አስመርምሩ። የታዘዘላችሁን መድኃኒት ደህና ነኝ ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ፤ እኔ በሐኪም ምክር ነው ቀስ በቀስ የተውሁት። ጸበልና ሕክምና አይጣሉም፤ የሚያጣላቸውን አትስሙ። ሞትን መመኘት ከጀመራችሁ ለነገ አትበሉ፣ ለቅርብ ሰው ተናግራችሁ በዚያኑ ዕለት ወደ ሕክምና ሂዱ። ሕክምናው የበደላችሁን ሰው አያስወድዳችሁም፣ እንዲያ የሚል ካለ ዋሽቷል። እኔ ዛሬም እናደዳለሁ፤ ተናድጄ ግን እሰፋለሁ፣ ተናድጄ እበላለሁ፣ ተናድጄ እተኛለሁ።

በሯን ዘግቼባት ስመለስ "እንኳን መጡ" ብላ ወንበር የሳበችልኝን ሲስተር ሰብለን እግዚአብሔር ይባርክልኝ። ሱቁን ከፍተው የጠበቁኝን ልጆቼንም። ከሉን ምን አደረግሽው ለምትሉኝ፣ አልጣልሁትም። ቆራርጬ የስፌት መኪናዬን ዘይት እጠርግበታለሁ።