የሚሽከረከር ግን የማያሞቅ ማድረቂያ

ዛሬ ከልብስ ማድረቂያችን ጀርባ ደመና የመሰለ ነገር በሁለት እጅ ታቅፎ ወጣ።

አራስ ነኝ፤ እንቅልፍና ንቃት ተቀላቅለውብኛል። እዚህ ልደታ ዝናቡ አያባራም። ማድረቂያው ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ይሽከረከራል እንጂ አያሞቅም። የልጄ ልብስ ሁሉ እርጥብ ነው።

እናቴ ከጌጃ ሰፈር ጠጋኙን ጋሽ ተሾመን ጠራችልኝ። (እኔ "አርጅቷል፣ ይጣል" ብዬ ነበር። አራስ የምትለውን አትስሙ።)

የኋላ ክዳኑን ፈትተው አየሩን የሚያሞቀውን ሽቦ፣ ሬዚስታንሱን፣ በቴስተር ለኩ። "ይሄ ደህና ነው።" ቀጥለው አንዲት ትንሽ ፊውዝ ለኩ። "የተቃጠለችው እሷ ናት።"

"ታዲያ ትቀየራ!" አለች እናቴ።

"መጀመሪያ ምን እንዳቃጠላት ልይ።"

የሞቀው አየር የሚወጣበትን ቱቦ ሲነቅሉት በልብስ ብናኝ ተጠቅጥቋል። ለካ ደመናዬ እሱ ነው።

"አየሩ መውጫ አጥቶ ግሏል። ፊውዟ ሙቀቱን ባትቆርጠው ኖሮ እሳት ይነሳ ነበር" አሉ።

ልጄ የምትተኛው ከማድረቂያው አጠገብ ነው። አነሳኋትና አቀፍኳት።

ቱቦው ተጠረገ፣ አዲስ ፊውዝ ገባ፣ አልጋዋም ወደ ሌላ ክፍል ሄደ። የመጀመሪያዋን ሙቅ ቀሚስ ሳለብሳት በእንቅልፏ ፈገግ አለች። እኔም አብሬያት ተኛሁ፤ ገና አሁን መንቃቴ ነው።

እናንተስ፣ ሳታውቁት አጠገባችሁ ሲግል የቆየ ዕቃ ገጥሟችሁ ያውቃል?