የአባቴ ቀኝ እጅ የሆንኩበት ዓመት

የበሰለ ማንጎና ቤንዚን አንድ ላይ ከሸተተኝ፣ የትም ልሁን የት፣ አሥራ አንድ ዓመቴ ይሆናል።

ማንጎውን ጋምቤላ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። በወቅቱ ከዛፉ ሥር ረግፎ፣ ዝንብና ንብ ወሮት፣ ግቢው በሙሉ ጠጅ ጠጅ ይላል። ቤንዚኑ ግን የእኛ ቤት ብቻ ነበር። ጊዜው ክልል የሚለው ቃል ገና አፋችን ላይ አዲስ የነበረበት ነው። ትናንት መጋዘን የነበረ ቤት ዛሬ ቢሮ ሆኖ፣ የታፔላው ቀለም ሳይደርቅ ከትምህርት ቤት ስንመለስ እናየው ነበር። አዲሱን ቀለም በጣታችን ነክተን የዘበኛ ጩኸት ሲከተለን መሮጥ አንዱ ጨዋታችን ነበር። ሁሉም ነገር ግን አልተከፈተም። አባቴ ዋና መካኒክ ሆኖ የሚሠራበት፣ አቦቦ አካባቢ የነበረው የመንግሥት እርሻ ተዘጋ።

አባቴ ጌታነህ ከደሴ በወጣትነቱ የመጣ ሰው ነው። ትራክተር ገና በሩቅ ሲመጣ ሰምቶ ሕመሙን ይናገራል ይባልለት ነበር። እርሻው በተዘጋ በሁለተኛው ወር፣ አንድ ጠዋት ፊቱን ሊታጠብ ጎንበስ እንዳለ ወደቀ። ደም ግፊት ነው አሉ፤ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው። እግሩ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመለሰለት። ቀኝ እጁ ግን እንደዛለ ቀረ፤ ጣቶቹ ታጥፈው፣ አንድ ብርጭቆ እንኳን ይከብዳቸው ጀመር። ከዚያ በኋላ ማንጎው ሥር ወንበር አውጥቶ መቀመጥ ሆነ ሥራው። ሰው ሰላም ሲለው በግራው ይጨብጥና ቶሎ ዓይኑን ይሰብራል።

እናቴ ሲስተር ዘነበች የሆስፒታል ነርስ ነበረች። ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። አንድ ቀን ለጎረቤታችን ለእትዬ አሪየት ስትነግራት ሰማሁ። ወደ ደሴ ዝውውር ጠይቃለች። ወንድሟ ቤት አንድ ክፍል አለ፤ አባቴ እዚያ ሰው መሃል ይሆናል፣ እዚህ ወንበር ላይ ከሚደርቅ። እትዬ አሪየት ባሮ ዳር ዓሣ የምትሸጥ ረጅም የአኙዋ ሴት ነበረች። እስክትጨርስ ሰማቻትና፣ «ሲስተር፣ አንቺ ሄደሽ እኔ ማን ጋ ነው የማወራው?» አለቻት።

መኪናዋ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። የእትዬ አሪየት ባል ኦሞት፣ አባቴ ሥር የሠራ ትራክተር ነጂ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ በትራክተር እየጎተተ ግቢያችን በር ላይ አቆማት። ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ዝቅ ያለች፣ አፍንጫዋ ረዘም ያለ፣ የጣሊያን የስፖርት መኪና ናት። ቀይ ነበረች አሉ፤ እኛ ጋ ስትደርስ ግን ፀሐዩ አደብዝዞ የልብስ ሳሙና አስመስሏታል። የሸራ ጣሪያዋን ምስጥ በልቶታል፤ መቀመጫዋ ውስጥ ዶሮ እንቁላል ጥላለች። የአልዌሮ ግድብ ሲሠራ የነበረ አንድ የውጭ መሐንዲስ ነው የነዳት። ሲሄድ፣ ሁልጊዜ ለሚጠግንለት ለአባቴ ከነሊብሬዋ ሰጥቶት ነበር። ለዓመታት የእርሻው ጋራዥ ጥግ ከቆመች በኋላ፣ ግቢው ሊለቀቅ ሲል ኦሞት «የጋሼ ንብረት እንዴት እዚያ ይቀራል?» ብሎ አመጣት።

እናቴ ከሥራ ተመልሳ አየቻት። «የሞተ ከብት ጎትተህ አመጣህልን» አለችው ኦሞትን፤ ገባች፤ በሩን ዘጋች።

አባቴ ግን ከወንበሩ ተነስቷል። በግራ እጁ ኮፈኑን ለመክፈት ታገለ፣ አቃተው። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። «ምሥሬ፣ እዚህ ጋ እጅሽን አስገቢና ወደ አንቺ ሳቢ» አለኝ። ሳብኩ። ኮፈኑ ተከፈተ፣ የተርብ ቤት ፊታችን ላይ ወደቀ፣ ሁለታችንም ሮጥን። አባቴ ከታመመ ወዲህ ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ነው።

እንዲህ ነው ቀኝ እጁ የሆንኩት። ከትምህርት ቤት ተመልሼ ዩኒፎርሜን አውልቄ በቀጥታ መኪናዋ ሥር ነኝ። እሱ በግራው ይይዛል፣ እኔ እፈታለሁ። ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፤ የእነዚህን ስም ከማባዣ ሠንጠረዥ በፊት ነው በቃሌ ያወቅኩት። የፈታነውን ብሎን በየተራው በካርቶን ላይ ያስደረድረኛል። «ብረት አይዋሽም፤ የሚዋሽ የፈታበትን ቅደም ተከተል የረሳ ሰው ነው» ይላል። ስቸኩል ደግሞ፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብሎ ያስቀምጠኛል። እጄ ትንሽ መሆኗ ጠቀመን። የእሱ እጅ ደህና በነበረበት ጊዜ እንኳን የማይደርስበት ቦታ የእኔ ይገባ ነበር።

የቤንዚን ታንከሯ ውስጡ ዝጎ ነበር። አባቴ ከባሮ ዳር ጠጠር አስለቀመን፤ ታንከሩ ውስጥ ጨምረን፣ ውሃ አድርገን፣ የሰፈሩ ልጅ በሙሉ ተራ በተራ እየተሸከመ ናጠው። ኑዌሩም አኙዋውም የደገኛውም ልጅ እየዘፈነ ነበር የሚንጠው፤ እያንዳንዱ በራሱ ቋንቋ። ሁለት ቀን ሙሉ ቡናማ ውሃ ሲወጣው ቆይቶ በሦስተኛው ጠራ። የተሰነጠቀውን ራዲያተር ኦሞት በየደው። ጠፍቶ የቀረ አንድ ዕቃ ከአዲስ አበባ በሚመጣ የጭነት መኪና ሾፌር እጅ ከወር በኋላ ደረሰልን፤ አባቴ ወረቀቱን በግራ እጁና በጥርሱ ፈታው።

ሞተሩ የተነሳው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሁለቴ አስነጠሰ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ከዚያ ያዘ። ዶሮዎቹ ተበተኑ። አባቴ ጆሮውን ወደ ኮፈኑ አዘንብሎ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ጮኼ ዘለልኩ። እናቴ በመስኮት ብቅ ብላ አየችንና ተመለሰች።

ያኔ ነው ያልገመትነው ነገር የመጣው። አባቴ መሪው ላይ ተቀምጦ እግሩን ፍሪሲዮኑ ላይ አደረገ፤ ቀኝ እጁን ወደ ማርሹ ሰደደ። እጁ ማርሹ ላይ ወደቀ እንጂ አልያዘውም። ደጋግሞ ሞከረ። ፊቱ ላይ ላብ ወረደ። ለካ ይህን ሁሉ ወር መኪናዋን ስናድን፣ ማርሽ የሚገባው በቀኝ እጅ መሆኑን ሁለታችንም አላሰብነውም። ሞተሩን ሊያጠፋው ሲል፣ ከጎኑ ተቀምጬ ስለነበር ግራ እጄን በእሱ እጅ ላይ ጫንኩና፣ «የቱ ጋ ነው የሚገባው?» አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝ። «ወደ ፊት» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ፍሪሲዮን ስረግጥ 'አንድ' እላለሁ። ያኔ ትገፊያለሽ።»

«አንድ!» ገፋሁ። ሄደች።

ለአንድ ሳምንት ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊትና ሲመሽ ግቢያችንና የሰፈሩ መንገድ ላይ ተለማመድን። እሱ ቁጥር ይጠራል፣ እኔ አስገባለሁ። መጀመሪያ ላይ ማርሹ እንደ ጅብ ጥርስ ይፋጭ ነበር። በኋላ ግን ከአባቴ አፍ ቁጥሩ ሳይወጣ፣ ከሞተሩ ድምፅ ብቻ ማወቅ ጀመርኩ። አባቴም ይህን ሲያይ ቁጥር መጥራቱን ተወ።

በሳምንቱ እናቴን ሥራ ቦታዋ ሊያደርሳት ፈለገ። የከሰዓት ተረኛ ነበረች። ነጭ ገዋኗን ለብሳ፣ ከኋላችን ባለችው ጠባብ ቦታ እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠች። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ባሮ ድልድይ መሃል ስንደርስ ሞተሩ ተንተፋተፈ፣ ጠፋ። አባቴ አስነሳ፣ እምቢ አለች። ከኋላችን የጭነት መኪና ጥሩንባ ነፋ፣ ሰው ተሰበሰበ፣ አንዱ «ይህቺ አሻንጉሊት ናት እንዴ?» ብሎ አሳቀ። እናቴ ወረደች። ገዋኗ ወገቡ ላይ ግሪስ ነክቶታል። ወደኋላ ሳታይ በእግሯ ሄደች። እኛን ሰዎች እየገፉ መለሱን።

ማታ እራት ላይ፣ «ዝውውሩ ተፈቅዷል» አለች። «ደብዳቤው ዛሬ ደረሰኝ። ወሩ ሲያልቅ እንሄዳለን።»

አባቴ አልተከራከረም። በማግሥቱ ከአልጋው አልወረደም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። እኔ ወጥቼ መኪናዋ ጋ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። በዚህ ላይ ማልቀሴን ያባሰው፣ በጠዋቱ አየር ሳስነሳት በአንዴ መነሳቷ ነው። ምንም የሌለባት ትመስላለች።

እትዬ አሪየት የዓሣ ሳህኗን ጭንቅላቷ ላይ እንደያዘች አጥሩ ጋ ቆመች። «ምሥራቅ፣ ለምን ታለቅሻለሽ?»

ነገርኳት። ጠዋት ትነሳለች፤ ቀን ሲሞቅ ትሞታለች፤ ሲመሽ ደግሞ ትነሳለች። ሳህኑን አወረደች። ዓሣዎቹ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍነዋል። «ይሄ መኪና ከብርድ አገር ነው የመጣው፣ አይደለም? ሙቀት አያውቅም። ዓሣም እንደዚህ ነው። ቀን በፀሐይ ይበላሻል። ውሃ ስጪው» አለችና አንዱን ጆንያ አንስታ ሰጠችኝ።

ሮጬ አባቴ ጋ ገባሁ። የእትዬ አሪየትን ነገር ነገርኩት። ከዚያ ቀስ ብሎ ዞረ። «ቤንዚኑ!» አለ። «ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ እየፈላ ነው! እንፋሎት ሆኖ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ሃያ ዓመት የሠራሁ ሰው፣ እንዴት ይህን ረሳሁ?» ነጠላ ጫማውን ሳያደርግ ወጣ። እትዬ አሪየትን ሲያይ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳት። እሷ እየሳቀች፣ «ጋሼ፣ ጆንያውን መልስልኝ፤ ዓሣዬ ይሸታል» አለችው።

ጆንያው ዓሣ ዓሣ እየሸተተ የቤንዚን ፓምፑ ላይ ተጠመጠመ። ቱቦውንም ከሞተሩ አርቀን በሌላ መንገድ አሳለፍነው። ፀሐይዋ አናት ላይ እስክትደርስ ጠበቅንና ወጣን። ድልድዩን አለፍን። ትናንት የሳቁብን ቆመው አዩን። ከተማውን አልፈን ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ላይ አባቴ ልጓሟን ለቀቀላት። ጣሪያ የላትም፤ ንፋሱ ትንፋሼን ነጠቀኝ፤ የሣሩ ሽታ፣ የአቧራው ሽታ። አባቴ በግራ እጁ መሪውን ይዞ፣ ሞቶ የነበረ ሰው፣ ጮክ ብሎ የወሎ ዘፈን ይዘፍናል። አንዴም አልጠፋችም።

ስንመለስ በቀጥታ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆምን። እናቴ ከጠዋት ተረኝነቷ ስትወጣ ሞተሩ እየሠራ አገኘችን። ቆማ አባቴን አየችው። ያየችው መኪናዋን አልነበረም።

«ዛሬም ማርሹን ልጄ ናት የምታስገባልህ?» አለችው።

«ልጅሽ።»

«አንቺ ወደ ኋላ እለፊ» አለችኝ። ቦርሳዋን ሰጠችኝና ቦታዬ ላይ ተቀመጠች። አባቴ «አንድ» አለ፤ ገፋች፤ ማርሹ ጮኸ፤ ዘበኛው ጆሮውን ያዘ። «ሁለት!» ሦስተኛው ላይ ስትደርስ እናቴ መሳቅ ጀመረች። ዓይኗን በገዋኗ እጅጌ እየጠረገች እስከ ቤት ድረስ ሳቀች።

ከሳምንት በኋላ አንድ የቢሮ ኃላፊ በእግራቸው ቤታችን መጡ። ክልሉ ወጣቶችን በመካኒክነት ሊያሠለጥን ነው፤ አስተማሪ ይፈለጋል። ድልድዩ ላይ አይተውናል። «እጅዎን ታመዋል አሉኝ» አሉት። አባቴ፣ «እጄ ነው የታመመው። ጆሮዬ ደህና ነው፤ እጅ ደግሞ ተማሪዎቹ ይዘው ይመጣሉ» አላቸው። እናቴ በማግሥቱ የዝውውሩን ደብዳቤ ይዛ ሄዳ መለሰችው።

መኪናዋን ለሰባት ዓመት ነዳናት። በመጨረሻ ወለሏ በዝገት ሲበላ አባቴ ተማሪዎቹ እየፈቱ እንዲማሩባት ሰጣት። እኔ ዛሬ እዚያው ጋምቤላ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ከተማው አስፋልት ሆኗል፤ ኒውላንድ ሰፈር ድረስ ባጃጁ ይተራመሳል፤ መኪና ሲበላሽ ሰው ስልኩን አውጥቶ ደውሎ ጥላው ሥር ይቆማል። ይሄም ጥሩ ነው፤ የሚመጣውም መካኒክ ብዙ ጊዜ የአባቴ ተማሪ ነው። ያኔ ግን አንድ ኮፈን ሲከፈት ሰፈሩ ሁሉ ዙሪያውን ይቆም ነበር፤ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ትከሻ፣ አንዷ ጆንያ ይዘው። ያ መሰብሰብ ይናፍቀኛል። ጠፍቷል ብዬ ግን አልደመድምም፤ ባለፈው ክረምት ጎርፍ ሲመጣ የሰፈሩ ሰው የማን ቤት ነው ሳይል ዕቃ ሲያወጣ አይቻለሁ።

አባቴ ሰባዎቹን ተሻግሯል። እናቴ ጡረታ ወጥታለች። በየዓመቱ ዘመዶቿን ለማየት ደሴ ትሄዳለች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላት ትደውልልኛለች። «ብርዱን አልቻልኩትም፤ ቤቴ ልምጣ» ትላለች።