ከኮረብታው ወዲህና ወዲያ

እልኸኛ ነኝ፤ እናቴም አማካሪዬም ይመሰክራሉ። ከጎጃም መጥቼ አሶሳ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ግን እልኼን እንደ መመረቂያ ጥናቴ ሰሞን የፈለግሁበት ጊዜ የለም።

ለሁለተኛ ዲግሪዬ የመረጥኩት ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ነው፦ ፋይልና ምስል የሚልኩ ሬዲዮዎች አንድ የአየር መስመር ሲጋሩ እንዴት ቢናገሩ ይሻላል? አንደኛው ዘዴ መጀመሪያ ያዳምጣል፤ መስመሩ ጸጥ ካለ ይናገራል። ሁለተኛው ለእያንዳንዱ ተራ ይሰጣል፤ የሚናገር ባይኖርም ተራው ይጠበቃል። ሦስት ሬዲዮዎች ቤተ ሙከራው ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ስለካ አዳማጩ በፍጥነት አሸነፈ።

«በቃ፣ ጻፊውና ተመረቂ» አሉኝ አማካሪዬ። ሆሞሻ ላለ አንድ ጤና ጣቢያ የሚገዛው መሣሪያም በዚሁ ውጤት ሊመረጥ ነበር።

ልቤ አልቆረጠም። ለሙከራ አዳማጩን ዘዴ የጫንለት የጤና ጣቢያው ነርስ ደጋግሞ ይደውልልኛል። መስመሩን የሚጋራቸው የሰፈሩ ትምህርት ቤት ፋይል በሚልክበት ሰዓት የነፍሰ ጡሮች የአልትራሳውንድ ምስል አሶሳ ላለችው ሐኪም አይደርስም። ነርሱ የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ነው፤ አማርኛ ሲናገር ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ይላል። «እህቴ፣ አንተ ና እዚህ፣ እይ» አለኝ።

«ሄጄ እለካለሁ» ስላቸው አማካሪዬ ተቆጡ።

«የማስረከቢያው ቀን ካለፈ ከጓደኞችሽ ጋር አትመረቂም!»

«አልመረቅ!» አልኩ። ድርቅናዬ ለራሴም ገረመኝ።

ሬዲዮዎቹን ታቅፌ በሚኒባስ ሆሞሻ ሄድኩ። አንዱን መሃል ካለው ኮረብታ አናት ሆኖ መልእክቱን ወደ አሶሳ የሚያስተላልፈው ማማ ላይ፣ ሁለቱን ከኮረብታው ወዲህና ወዲያ፣ በጤና ጣቢያውና በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ረጃጅም ቀርከሃ ላይ ከነርሱ ጋር አሰርናቸው። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ሁለቱም ከማማው ጋር ይገናኛሉ፤ እርስ በርሳቸው ግን ኮረብታው ስለሚጋርዳቸው አይደማመጡም። ወዲህ ያለው ያዳምጣል፣ ጸጥ ያለ ይመስለዋል፣ ይናገራል። ወዲያ ያለውም እንዲሁ። ማማው ላይ ተጋጭተው የሁለቱም መልእክት ይጠፋል። ጠረጴዛዬ ላይ ኮረብታ አልነበረም።

በዚያው ሰዓት አንዲት ነፍሰ ጡር ምጥ ይዟት መጣች። ነርሱ ሆዷን ዳስሶ ፊቱ ተለወጠ፤ ምስሉን አንስቶም፣ ትምህርት ቤቱ ፋይል እየላከ ስለነበር፣ እንደወትሮው ሊያስቆም ስልክ አነሳ።

«አንዴ ብቻ ሞክርልኝ፤ እምቢ ካለ እናስቆማቸዋለን» አልኩትና ሦስቱንም ሬዲዮዎች ከላፕቶፔ ተራ ወደሚሰጠው ዘዴ ቀየርኩ።

ላከ። ምስሉ ተራውን እየጠበቀ ቀስ እያለ ሄደ። ፈርቼ ነበር። ስልኩ ጠራ፤ ሐኪሟ ናት።

«የልጁ ጭንቅላት ወደ ላይ ነው። አሁኑኑ አምጧት» አለች።

አምቡላንሱ ሲወጣ ትምህርት ቤቱ ገና ፋይሉን እየላከ ነበር። እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ መደምደሚያዬን ጻፍኩ፦ የሚናገሩት በማይደማመጡበት ቦታ ቀርፋፋው ዘዴ ይሻላል።

ቀኑ አለፈ፤ ከጓደኞቼ ጋር አልተመረቅሁም። እነሱ ጋዋን በለበሱበት ቀን እኔ ሆሞሻ ነበርኩ፣ በእኔ ውጤት የተመረጠውን አዲሱን ሬዲዮ ቀርከሃው ላይ ሳስር። ያቺ እናት ልጇን አዝላ ልታስከትብ መጣች።