ሦስተኛው ጉድጓድ

የውሃ ጉድጓድ ቁፋሮ የጀመርኩበት ቀን አንድ አካፋ አፈር ሳላነሳ ተባረርኩ። ከደካ አካባቢ ወደ ቦንጋ ከመጣሁ ሳምንት አልሞላኝም ነበር። አሠሪዬ ጋሽ ወልዴ፣ ጥፍራቸውን ቀይ አፈር የማይለቀው ሽማግሌ ነበሩ። የጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና፣ "ዛሬ ከማን ጋር ተጣልተህ መጣህ?" አሉኝ።

ጉልበቴን ያያሉ ብዬ ነበር የጠበቅኩት። አብሮኝ ከሚኖረው የአጎቴ ልጅ ጋር በብርድ ልብስ ተጨቃጭቀን እንዳደርን ነገርኳቸው።

"ሂድና ታርቀህ ና። ጉድጓዱ አይሸሽም" አሉ።

እኩለ ቀን ላይ ተመለስኩ።

"ማን ቀድሞ ተናገረ?"

"እኔ።"

"ብርድ ልብሱስ?"

"ተውኩለት።"

"እንግዲህ ማታ ይበርድሃል። ቀን ግን ገመድ ትይዛለህ።"

ከዚያ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ አወጡና እንድቆርሰው ሰጡኝ። የሥራው ሕግ ይህ ነው። ከላይ ገመድ የሚይዘው ሰው ቆጮውን ይቆርሳል፤ መጀመሪያ ለሚወርደው ያቀብላል፤ ከዚያ ራሱ ይበላል። የተጣሉ ሰዎች አብረው አይቆርሱም። አብረው ያልቆረሱ ሰዎች ደግሞ አብረው አይሠሩም። ምክንያቱን ስጠይቃቸው፣ "የተናደደ ሰው ዓይኑ ባልዲው ላይ ቢሆንም ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው። ባልዲው ያለው ደግሞ ከእኔ አናት በላይ ነው" አሉኝ።

ሥራችን ማዕረግ አለው። አዲስ የመጣ ሰው አፈር ደፊ ነው፤ የወጣውን አፈር ከጉድጓዱ አፍ ያርቃል። ቀጥሎ ገመድ ያዥ ነው። ሁለት ባላ ላይ በተጋደመው ግንድ ገመዱን እየጠቀለለ ባልዲውንም ሰውንም ያወጣል፣ ያወርዳል። ትልቁ ማዕረግ የቆፋሪው ነው፤ ትልቁ ሰው ከሁሉ በታች ይሠራል።

የምንቆፍረው በበጋ ነው። በክረምት እኛ አገር የትም ብትቆፍር ውሃ አለ፤ በየካቲት ግን ይከዳሃል። መጀመሪያ ቀዩ አፈር፣ ከዚያ ነጭ ጭቃ፣ ከዚያ በዶማ የሚፈረካከስ ድንጋይ ይመጣል። ጠዋት ማንም ከመውረዱ በፊት ሻማ ለኩሰን በጣሳ እናወርዳለን። ሻማው ከጠፋ የሚወርድ የለም። ሻማው ስለ አየሩ ይነግርሃል፤ ቆጮው ስለ ሰዎቹ።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ከቦንጋ የሱቅ ታፔላዎች ነው። ማንበብ የለመድኩት ደግሞ በኦሪት ዘፍጥረት ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስ ሲከፈት ቀድሞ የሚገኘው እሱ ስለሆነ። አማርኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ስላልሆነ አንድ ምዕራፍ ሳምንት ይፈጅብኝ ነበር። በምሳ ሰዓት ለጋሽ ወልዴ አነብላቸዋለሁ፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ።

አንድ ቀን የይስሐቅን ጉድጓዶች ታሪክ አነበብኩላቸው። የይስሐቅ ሰዎች ቆፍረው ውሃ ሲያገኙ የጌራራ እረኞች ውሃው የእኛ ነው አሉ፤ ተወላቸው። ሌላ ተቆፈረ፤ በሱም ተጣሉት፤ ተወ። ሦስተኛው ላይ ግን የተጣላው አልነበረም። ይስሐቅም እግዚአብሔር ቦታ እንዳሰፋለት ተናገረ።

ጋሽ ወልዴ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። "ራሱ ነው የቆፈረው?"

"አገልጋዮቹ ናቸው ይላል።"

"አሃ። እንዲያ ከሆነ መተዉ አይገርምም። ወገቡን አላመመውም።"

ይህን ይበሉ እንጂ እስኪሞቱ ድረስ ደጋግመው የሚያስነብቡኝ ያንን ምዕራፍ ነበር።

ሁለቱን ልጆቼን ያሳደግኩት በዚሁ መጽሐፍ ነው። ሲቀናኑ ቃየልን፣ ሲዋሹ ያዕቆብን አነብላቸው ነበር። ኃይለኛ አባት ነህ ይሉኛል፤ ነኝ። ታላቁ መስፍን ይባላል፣ ታናሹ ናትናኤል። መስፍን ስምንተኛ ክፍልን ሲጨርስ ወገቤ ታመመ፤ አንደኛቸው ከእኔ ጋር መሥራት ነበረበት። መስፍንን ጠርቼ፣ "ታላቅ አንተ ነህ። ይስሐቅን ሁን። ትምህርቱን ለወንድምህ ተውለት" አልኩት። ተወ። ጎበዝ ቆፋሪም ወጣው።

ዓመታት አለፉ። መስፍን አገባ፣ ልጅም ወለደ። ሦስት ሆነው በግቢያችን ቁልቁለት፣ ጓሮ ባለችው ጠባብ ቤት ይኖሩ ነበር። ከእኔ ቤት ጎን፣ በመንገዱ በኩል ባለው ባዶ ቦታ ላይ ቤት ሊሠራ ምሰሶ አቁሞ ነበር። ናትናኤል ኮሌጅ ጨርሶ ሥራ አጣና፣ በዚያው ቦታ ፎቶ ኮፒ ቤት ልክፈት አለ። መስፍንን ጠርቼ አብርሃም ሎጥን መሬት ቀድሞ እንዳስመረጠው አነበብኩለት። ምሰሶዎቹን ለፎቶ ኮፒው ቤት ተወ።

ከዚያ ጉድጓድ ቆፋሪዎች በማኅበር ተደራጁ ተባለ። የእኛ ማኅበር ሊቀመንበር ያስፈልገው ነበር። ሰው ሁሉ መስፍንን ጠብቋል። እኔ ግን ቢሮ ለቢሮ የሚዞር፣ ኮምፒውተር የሚችል ይሻላል አልኩ። ፎቶ ኮፒው ብቻውን ስላላዋጣው ናትናኤልም ከእኛ ጋር መሥራት ጀምሮ ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ፣ "መስፍን፣ ተውለት" አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ወጣ። ቤታችን ሰላም ነው ብዬ አመሰገንኩ።

ባለፈው በጋ መጨረሻ ዋጫ ከተማ ምግብ ቤት ላላቸው ለእትዬ ዘነበች ጉድጓድ እንቆፍር ነበር። እኔ ጉልበቴ እንቢ ብሎኝ መውረድ ትቻለሁ፤ ዳር ተቀምጬ እቆጣጠራለሁ። መስፍን ይቆፍራል፤ ናትናኤል ገመድ ይይዛል። ከአሥር ሜትር በላይ ወርደናል፤ አፉ ገና በድንጋይ አልታነጸም። ሰማዩ ደግሞ መጥቆር ጀምሯል።

አንድ ጠዋት መስፍን ቆጮውን ከናትናኤል እጅ አልጠበቀም። ራሱ ቆረሰና ጀርባውን አዙሮ በላ። የቀረውን ከነኮባው አፈሩ ክምር ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ገመዱን ወገቡ ላይ ማሰር ጀመረ።

"አትወርድም" አልኩት።

"ደኅና ነኝ አባባ።"

"ገመዱን ፍታ።"

እትዬ ዘነበች የወጥ ማንኪያቸውን እንደያዙ ከወጥ ቤት ወጡ። "ምን ተገትራችኋል? ቆጮው ሻገተ?"

"ልጆቹ ተኮራርፈዋል" አልኳቸው።

"ጋሽ በቀለ፣ እኔ ከባሌ ጋር ስኮራረፍ ምድጃዬን አላጠፋም።"

"ምድጃዎ አናትዎ ላይ አይወድቅም።"

"ዝናብ ከገባበት ይናዳል ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?"

"እኔ ነኝ።"

"እና?"

"ሰው ውስጡ ሆኖ ከሚናድ ባዶውን ይናድ።"

"እኔም ውሃ በጀሪካን ሳስቀዳ ልሙት በሉኛ" አሉና ገቡ።

መስፍን ገመዱን ፈትቶ ቁጭ አለ። ምን እንደሆነ ጠየቅኩት።

"አባባ፣ ይስሐቅ ሦስተኛው ጉድጓድ ላይ ቦታ አገኘ፣ አይደል?"

"አገኘ።"

"እኔ ትምህርቱን ተውኩ። የመንገዱን ዳር ቦታ ተውኩ። ይኸው ሦስተኛውንም ትቻለሁ። የኔ ቦታ የቱ ነው?"

ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቢጮህ ይቀለኝ ነበር።

ናትናኤል ከገመዱ አጠገብ፣ "ወንድሜ፣ እኔ እኮ ተውልኝ ብዬህ አላውቅም" አለ።

"አላልከኝም። ላንተ የሚልልህ አባባ ነው።"

እንደ ወትሮው መልስ ነበረኝ። መጽሐፉን ከቦርሳዬ አወጣሁና መነጽሬን አድርጌ ምዕራፉን ከፈትኩ፤ ጥቅሱን ላሳየው ነበር። ከመጀመሪያው አንስቼ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ይስሐቅን "ተውላቸው" ያለውን ሰው ፈለግሁ። አባቱ አብርሃም ያኔ ሞቷል። እግዚአብሔርም በዚያ ቦታ ተውላቸው አላለውም። ይስሐቅ የተወው ራሱ ነው። ወደ አብርሃምና ወደ ሎጥ ተመለስኩ። አብርሃምም ሎጥን ምረጥ ሲለው ከራሱ ድርሻ ነው የሰጠው፤ ከሌላ ሰው ላይ ቆርሶ አይደለም። ያን ሁሉ ዓመት ሳነበው ይህን አላየሁም።

"እዚህ ላይ ተውላቸው ያለው ሰው የለም" አልኩ።

ተነስቼ ወደ አጥሩ ሄድኩና ባለቤቴ አስቴር ጋ ደወልኩ።

"በመንገዱ በኩል ያለውን ቤታችንን ለመስፍን እንልቀቅለትና እኛ ጓሮ እንውረድ ብልሽ ምን ትያለሽ?"

"የመስፍን አባት፣ ይህን ለማሰብ ዋጫ ድረስ መሄድ ነበረብህ?"

"እሺ ማለትሽ ነው?"

"እንሰቴ ያለው ጓሮ ነው። ምን አጣለሁ? ጉልበትህን ግን ቁልቁለቱ እንዳይገድልህ።"

ተመልሼ ለመስፍን ነገርኩት። ጎንበስ ብሎ አፈሩን በጣቱ ይጭር ጀመር።

"እናንተን ከቤታችሁ አስወጥቼ ልገባ?"

"አላስወጣኸንም። ሁልጊዜ ያንተን ስተው ነው የኖርኩት። እስቲ አሁን አንድ ጊዜ የራሴን ልተው።"

ፊቱን በክንዱ ጠረገ። አፈር ነው ያልኩት እኔ ነኝ።

ናትናኤል ሸራ ጫማውን አወለቀ። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበ።

"ዛሬ እኔ ልውረድ" አለ።

"ወርደህ ታውቃለህ?" አለው መስፍን።

"አላውቅም።"

"ትፈራለህ።"

"እፈራለሁ። ገመዱን አንተ ያዝልኝ።"

መስፍን ወደ አፈሩ ክምር ሄዶ ቆጮውን አነሳ። የነካውን አፈር አራግፎ ቆረሰ፤ ትልቁን ለናትናኤል አቀበለው። ናትናኤል እስኪውጥ ጠብቆ ራሱ በላ። ሻማውን አወረደ፤ ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። ገመዱን በወንድሙ ወገብ ላይ አስሮ ሳበው፤ ፈታው፤ እንደገና አሰረው። ሕፃን ሳሉ የትምህርት ቤት ጫማውን ሲያስርለት እንዲሁ ነበር የሚያደርገው።

ናትናኤል ወረደ። ከታች ድምፁ መጣ። "መስፍን!"

"አለሁ።"

"እውነት አለህ?"

"የት እሄዳለሁ? ሊቀመንበር፣ ይልቅ ሪፖርት አቅርብ።"

"ጭቃ ነው።"

"በሙሉ ድምፅ?"

"በሙሉ ድምፅ። እጄ ሁሉ ጭቃ ነው።"

እትዬ ዘነበች በመስኮት ብቅ ብለው፣ "ታረቁ?" አሉኝ። ታረቁ አልኳቸው። "እንግዲያው ማውራቱን ይቀንሱና ይቆፍሩ" አሉ።

ናትናኤል ያን ቀን ያወጣው ባልዲ ጥቂት ነው፤ ግድግዳውንም አጣመመው። በማግሥቱ መስፍን ወርዶ አቀናው። ዝናቡ ቀደመን። ቆርቆሮ ብንከድንበትም የአፉ አንድ ጎን ተናደ፤ የወደቀውን አፈር ስናወጣ ሰነበትን። እትዬ ዘነበች በየቀኑ አስታወሱኝ፤ እኔም በየቀኑ ልክ ነዎት አልኳቸው። ውሃው በመጨረሻ ከድንጋዩ ስር ወጣ፣ መጀመሪያ ነጣ ብሎ፣ ኋላ ጠርቶ።

ዛሬ እኔና አስቴር ጓሮ ነን። የመንገዱ ዳር ቤት የመስፍን ነው፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ከጎኑ ነው። ማኅበሩ ጉዳዩን እንደገና ሲያነሳው ሊቀመንበርነቱን ለናትናኤል ያጸናው መስፍን ነው፤ "ቢሮ ወረፋ መቆም እኔ አልችልም፤ እሱ ይቁም" ብሎ። ይህኛውን ተው ያለው የለም። በሥራ ቦታ ግን ዋናው መስፍን ነው፤ ማን እንደሚወርድና ማን ገመድ እንደሚይዝ የሚወስነው እሱ ነው። ቁልቁለቱ ጉልበቴን ያመኛል። የመስፍን ልጅ ጠዋት ጠዋት እየወረደች እጄን ይዛ ታወጣኛለች።

በዚህ ሥራ ለምትቆዩ፣ ልጅም ለምታሳድጉ የምለው አንድ ነገር ነው። ዘፍጥረትን ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው። ተው የሚለው ቦታ ላይ ስትደርሱ ግን መጀመሪያ የእናንተን ድርሻ ፈልጉ። ሰው መተው የሚችለው የራሱን ብቻ ነው።